ሕፃን አይደለም

«ተጣበቀ?» አለች ዳፊና።

ኢሊንካ መመለስ አልቻለችም። ተጣብቋል። ጭቃው ላይ ተንበርክካ፣ ፊቷን ወደ ወንዙ ገደል አስጠግታ፣ ከቀዩ አፈር ብቅ ያለውን ግራጫ ነገር በምላሷ ነክታው እዚያው ቀርታለች። ቀስ ብላ ስትስበው ምላሷ ተላቀቀ።

«አጥንት ነው!» ብላ ጮኸች። «ድንጋይ ቢሆን ያንሸራትት ነበር። ጋሼ ሳቢን ምን አሉ? አጥንት ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ምላስ ይይዛል።»

«ኢሊ፣ ጾም እኮ ነው!» ዳፊና ሆዷን ይዛ ትስቃለች። «በዐቢይ ጾም አጥንት ላሰች! ለእናትሽ ባልነግርብሽ!»

«ሰባ ሚሊዮን ዓመት የቆየ ሥጋ ጾም አያስፈታም።»

«እሱን ለቄሱ ንገሪያቸው።»

ሌሊቱን ሲዘንብ ነው ያደረው። እዚያ አገር ከዝናብ በኋላ የሲቢሼልን ወንዝ ተከትሎ የሚሄድ ሰው ዓይኑ ከገደሉ አይነቀልም፤ ውሃው አፈሩን ሲያጥበው የዳይኖሰር አጥንት ብቅ የሚልበት ጊዜ አለ። ሁለቱ ልጆች ከጋሼ ሳቢን ጋር ከትምህርት በኋላ ቁፋሮ መማር ከጀመሩ ዓመት አልፏቸዋል። ስለዚህ የኢሊንካ እጅ አጥንቱን ለመጎተት ቢቁነጠነጥም አልነካችውም። ቦታው ላይ እንጨት ተከሉ፣ በስልክ ፎቶ አነሱ፣ ዳፊና መምህራቸውን ልትጠራ ሮጠች። ኢሊንካ አጥንቷን እንደ ታማሚ እየጠበቀች ቁጭ አለች።

ጋሼ ሳቢን ብሩሽና ጄሶ ይዘው መጡ። ዙሪያውን ፈልፍለው፣ በእርጥብ ወረቀት ሸፍነው፣ ልክ እንደተሰበረ እግር በጄሶ ጠቅልለው አወጡት። ከዚያ በኋላ በትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክፍል ከልጆቹ ጋር ሆነው በመርፌና በብሩሽ አፈሩን ሲያራግፉ ሰነበቱ። ሲጸዳ የጭን አጥንት ሆኖ ተገኘ። ምንም አልጎደለውም፤ ከኢሊንካ ክርን እስከ ጣቷ ጫፍ ይሆናል። በመስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ። አናቱ ላይ ፖስተር ተለጠፈ። እንስሳውን የሣለችው ዳፊና ናት፤ አባቷ መስታወት ላይ ቅዱሳን ሥዕል የሚሥሉ ናቸውና እጇን ከሳቸው ወርሳለች። ጽሑፉን የጻፈችው ኢሊንካ ናት። በቀይ ቀለም፣ ከበሩ እስኪታይ አድርጋ፦

«ሕፃን አይደለም! ያደገ ነው። ዕድሜ ልኩን ትንሽ ነበር።»

«እርግጠኛ ነሽ?» ብለው ነበር ጋሼ ሳቢን።

«ባሮኑ እርግጠኛ አልነበረም እንዴ?» አለች ኢሊንካ።

ባሮኑ የሚሉት ኖፕቻን ነው። ከመቶ ዓመት በፊት በዚያው ሸለቆ ርስት የነበራቸው ሰዎች ልጅ ነው። እህቱ ከመሬታቸው ላይ አጥንት ለቅማ ሰጠችው፤ እሱ ገና ተማሪ ነበርና ቪየና ወስዶ ለአስተማሪው አሳየው። አስተማሪው ራስህ አጥናው አሉት። አጠናው። በሌላ አገር የዚህ ዓይነት ዳይኖሰሮች ዘመዶች ትልልቆች ናቸው፤ የዚህ ሸለቆ ግን ትንንሾች ናቸው። ባሮኑ ይህ አገር ያን ጊዜ በባሕር የተከበበ ደሴት ነበር አለ። ቦታው ጠባብ፣ የሚበላው ጥቂት ስለነበር ከትውልድ ትውልድ እያነሱ ሄደው ነው እንጂ ልጆች ስለሆኑ አይደለም አለ። የጥንት አጥንትን ስስ አድርጎ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ማየት ከጀመሩት ሰዎችም አንዱ እሱ ነው። ኢሊንካ ይህን ታሪክ ጋሼ ሳቢን ሲያወሩ የሰማች ቀን እንደ ራሷ ጉዳይ ያዘችው። እሷም ከክፍሏ ልጆች ሁሉ አጭር ናት።

የክፍሏ ልጅ ራሬሽ ግን ፖስተሩን ባየ ቁጥር ሙድ ይይዛል። የሱፍ ፍሬ እየፈለቀቀ ይመጣና «እንዴት ዋለ ሕፃኑ? ጡት ጠባ?» ይላል።

«ከአንተ አያት ይበልጣል።»

«አንቺንም ይበልጥሻል፣ በቁመት።»

«ሳቅ፣ ሳቅ። ከክሉዥ ከተማ አጥኚ ሰው ሲመጣ እናያለን።»

ከክሉዥ ሰው የመጣው እሑድ ቀን ነው፤ ዶክተር ኮርኔሊያ፣ የቅሪተ አካል ተመራማሪ። ሰዉ ከቅዳሴ ሲወጣ ጋሼ ሳቢን ጋበዙትና ከነክት ልብሱ የሳይንስ ክፍሉ ውስጥ ተጨናነቀ። ቄሱም ነበሩ። የኢሊንካ እናት ሉክሬቺያ ከአንድ ቀን በፊት ፀጉሯን ተሠርታ ከፊት ቆማለች። ልጄ ያገኘችው ነው ብላ ለስንቱ እንደተናገረች እግዜር ይወቀው።

ዶክተሯ የተደላደሉ፣ ሳቂታ ሴት ናቸው። ቦታው የተነሣበትን ፎቶ፣ የተተከለውን እንጨት፣ ሁሉንም አዩና «ጎበዞች! አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች እንኳ እንዲህ አያደርጉም» አሉ። ኢሊንካ በአንገቷ ዞራ ራሬሽን ፈለገችው። አጥንቱ ጠረጴዛ ላይ ወጣ። በመስኮት በገባው ብርሃን ያብረቀርቃል።

«እንግዲህ ለሰዉ የሥራችንን ቀልድ ላሳይ» አሉ ዶክተሯ። «እኛ አጥንትን ከድንጋይ የምንለየው በምላስ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። ቄሱም ሳቁ። ዶክተሯ አጎንብሰው ምላሳቸውን አስነኩና ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ የነበረው ሳቅ ቆመ። ደግመው በሌላ በኩል ሞከሩ።

«አይዝም» አሉ።

«ድንጋይ ነው!» አለ ራሬሽ ከኋላ። «በቃ ድንጋይ ስናስታምም ከረምን!»

የአሁኑ ሳቅ ሌላ ሳቅ ነበር። ኢሊንካ ጆሮዋ እየጋለ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ማንንም ሳታስፈቅድ አጥንቱን በምላሷ ነካችው።

«በስመ አብ! በጾም?» አለች እናቷ፣ ሰዉ ሁሉ እየሰማ።

ምላሷ ተንሸራተተ። እንደ መስታወት። አፏ ውስጥ አዲስ የተቀባ በር የሚሸት የመሰለ መራራ ነገር ቀረ። ይህን ሽታ ታውቀዋለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ቤት ገብታ ስትወጣ ልብሷ ላይ የሚቀር ሽታ ነው። ዓይኗን ወደ ዳፊና ወረወረች። ዳፊና ጫማዋን ታያለች።

ዶክተሯ አጥንቱን ወደ መስኮቱ ወስደው አሸተቱት። «ቫርኒሽ ተቀብቷል» አሉ። «ማን ነው የቀባው?»

ጋሼ ሳቢን ቀሉ። «ከኔ እጅ ሲወጣ አልተቀባም።»

መልስ የሰጠ የለም። ኢሊንካ ዓይኗን ከዳፊና ላይ አነሣች።

«መልካም» አሉ ዶክተሯ፣ ከቁጣ ይልቅ የድካም በሚመስል ድምፅ። «አጥንት መሆኑን አልጠራጠርም፤ ከአፈር ሲወጣ የተነሣው ፎቶ አለ። እኔን የጨነቀኝ ይኼ ነው» ብለው ወደ ፖስተሩ አመለከቱ። «በማደግ ላይ ያለ እንስሳ የአጥንቱ ቆዳ ሻካራ ነው። ያደገ ደግሞ ለስላሳ ነው። አሁን ይኸው፣ ሁሉም ለስልሷል። ላስለቅቀው ብል ስሱ ቆዳ አብሮ ሊነሣ ይችላል። ከውጭ ሕፃን ይሁን አዋቂ መናገር አልችልም።»

«ከውስጥስ?» አለች ኢሊንካ።

ዶክተሯ አዩዋት። «ከውስጥ ይቻላል። መሐሉ ላይ ይቆረጥና በማይክሮስኮፕ ይታያል። እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት አለው። ጠርዙ ላይ ያሉት ቀለበቶች ተጠጋግተው ከተገኙ ማደግ አቁሟል ማለት ነው። ግን ተቆረጠ ማለት ተቆረጠ ነው፤ ሁለት ቁራጭ ሆኖ ነው የሚመለስላችሁ። እዚህ ሸለቆ ደግሞ እንዲህ ያለ ሙሉ አጥንት በየቀኑ አይገኝም። እኔ በራሴ ውሳኔ መጋዝ አላሳርፍበትም። ነገ ጠዋት ከመሄዴ በፊት ቁረጪው ካላችሁኝ እወስደዋለሁ። ካላላችሁኝ እዚሁ ያምርባችኋል፤ ፖስተሩ ላይ ብቻ ‹ምናልባት› የምትል ቃል ትጨመር።»

«ምናልባት ሕፃን አይደለም!» አለ ራሬሽ። «አሪፍ ነው፣ ደስ ይላል።»

ጋሼ ሳቢን «ያገኙት እነሱ ናቸው፣ እነሱ ይወስኑ» አሉና ጉባኤው ተበተነ።

ኢሊንካ ዳፊናን ያገኘቻት አባቷ በሚሠሩበት ክፍል ውስጥ ነው። እሑድ ስለሆነ ሥራ የለም፤ ብሩሾቹ ታጥበው ቆመዋል፣ ግድግዳው ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ገና ፈረሱ ሳይቀባ በመስታወት ላይ ተሥሎ ተደግፏል። ዳፊና አግዳሚ ወንበር ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች።

«እኔ አላውቅም» አለች፣ ኢሊንካ ገና አፏን ሳትከፍት።

«ምንም አልጠየቅኩሽም።»

«ልትጠይቂኝ ነዋ።»

«ዳፊ፣ ቤታችሁ ውስጥ ቆመን ነው የምናወራው። እዚህ የሚሸተው እዚያም ይሸታል።»

ዳፊና አገጯን ጉልበቷ ላይ ጣለች። ከዚያ እንደሚደፋ ውሃ አንዴ ወጣላት። «እየረገፈ ነበር! የአንደኛ ክፍል ሕፃናት በየቀኑ ሲነካኩት አላየሽም? ከሥሩ አቧራ ስጠርግ እኮ አቧራው አጥንቱ ነው። አባዬ ቀለም እንዳይረግፍበት ምን ያደርጋል? ቫርኒሽ ይቀባል። ሰባ ዓመት የሆነው ሥዕል አለን፣ አንድ ነገር አልሆነም። አጥንቱንም እንደዚያው ብዬ… ማዳኔ ነበር እኮ ኢሊ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ላስደንቅሽ። ሰኞ ጠዋት ገብተሽ ‹ዛሬ እንዴት ያምራል› ብለሽ አሥር ፎቶ ያነሳሽው ራስሽ አይደለሽ?»

ልክ ነው። ኢሊንካ ያን ሰኞ ማብረቅረቁን አይታለች። ለምን ብላ አልጠየቀችም፤ ስላማረባት በቃ ተቀበለችው። ከዳፊና አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ይሁንና፣ ዛሬ ሲጠይቁ ለምን ዝም አልሽ?»

«ቄሱ ፊት? አባዬ ፊት? መንደሩ ውስጥ ቫርኒሽ ያለው ቤት አንድ ነው። ‹የሠዓሊው ልጅ የባሮኑን አጥንት አበላሸች› ይሉናል።» ዳፊና የኢሊንካን እጅጌ ያዘች። «ስሚኝ። ‹ምናልባት› ትጨመር። ምን ይጎዳሻል? ሙሉ ሆኖ ይቀመጥ፣ ስማችን ይኑርበት። ካስቆረጥሽው ለምን እንደተቆረጠ ይጽፋሉ፣ ከዚያ ማን ቀባው ብለው ይመጣሉ። ደግሞስ ሕፃን ሆኖ ቢገኝስ? ራሬሽ እስክንመረቅ ድረስ ይቀልድብሻል።»

«ሕፃን አይደለም።»

«እንዴት አወቅሽ?»

ኢሊንካ መልሱ ምላሷ ላይ ነበር፤ ባሮኑ፣ ደሴቱ፣ ጥቂቱ ምግብ። ግን እሱ ስለ ሸለቆው ዳይኖሰሮች ነው የተናገረው። ስለዚህ አጥንት አልተናገረም። በደሴትም ላይ ልጅ ይወለዳል፤ የተወለደም ልጅ ይሞታል።

«ማን እንደቀባው ከኔ አፍ አይወጣም» አለች ስትነሣ። «ይኼ የራስሽ ነገር ነው። ስለ መቁረጡ ግን አስቤ እነግርሻለሁ።»

«አብረን ነው ያገኘነው እኮ።»

«ለዚህ ነው የምነግርሽ።»

ቤት ስትደርስ እናቷ የባቄላ ሾርባውን እያማሰለች፣ በሌላው ምድጃ የበቆሎ ገንፎውን፣ ማማሊጋውን፣ እየጠበቀች ነበር። ጀርባዋን እንደሰጠች «ቄሱን ጠየቅኳቸው» አለች።

«ምኑን?»

«አጥንት መላሱን ነዋ! ሳቁብኝ። ድንጋይ የሆነ ነገር ነው፣ ምንም አይደለም አሉ። እኔ ግን ቢያንስ ዓርብ ቀን ባትልሺ ደስ ይለኛል።»

«እሺ እማዬ።»

«አላመንኩሽም። ሳህን አምጪ።»

ኢሊንካ ሳህን አቀረበች። እናቷ ገንፎውን ጣውላው ላይ ገልብጣ በክር ቆረጠችው፤ እንፋሎቱ ወጣ። ኢሊንካ ስለ ዳፊና ምንም አልተናገረችም። ስለ መጋዙ ብቻ ነገረቻት። እናቷ እየበላች አዳመጠች።

«ቅድመ አያቴ የነዚያን ጌቶች መሬት ሲቆፍር ስንት አጥንት በዶማው እንደሰበረ!» አለች። «ባሮኑ ግን ያለው እውነት ሆኖ ተገኘ ወይ?»

«አዎ። ብዙዎቹ ያደጉ ናቸው።»

«በምን ታወቀ?»

«ብዙ ቆይቶ ሰዎች ቆርጠው አዩአቸዋ።»

«እሱ ያን ጊዜ ሞቷል?»

«ከሞተ ስንት ዓመቱ!»

እናቷ ራሷን ነቀነቀች። «ነፍሱን ይማር። እኔ ብሆን በሕይወት ቆሜ ለማየት እጓጓ ነበር።» ከዚያ ስለ ሌላ ነገር፣ ስለ ጎረቤት ፍየል መጥፋት፣ ማውራት ጀመረች። ኢሊንካ ግን አልሰማቻትም። ገንፎዋ ቀዘቀዘ።

ያ ፖስተር ከተለጠፈ ጀምሮ አንድ ነገር ያሳክካት ነበር፤ ዛሬ ነው የገባት። በቀይ ቀለም ስትጽፈው ትክክል ነኝ ብላ ነው፣ አሁንም ትክክል ነኝ ብላለች። ግን አንድ ሰው ‹አሳዪኝ› ቢላት የምታሳየው ነገር የላትም። ‹ምናልባት› የምትለዋን ቃል ብትጨምር፣ ያቺ ቃል ሰው ሊያየው የማይችለውን ነገር ደግማ ትሸፍነዋለች። ቫርኒሽ ላይ ቫርኒሽ።

ለዳፊና በስልክ ጻፈችላት፦ «እንዲቆርጡት ልጠይቅ ነው። ስምሽን አላነሣም። እምቢ ካልሽ አሁን ንገሪኝ፣ የሁለታችን ነው።»

መልስ ሳይመጣ ቆየ። ሳህኖቹን አጥባ ስትጨርስ ስልኩ ነዘረ። «ደረቅ» ይላል። ሌላ ምንም የለውም። እምቢ ግን አይልም።

ሰኞ ጠዋት የዶክተሯ መኪና ሞተሩ ጠፍቶ፣ የኋላ በሩ ተከፍቶ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ጋሼ ሳቢን አጥንቱን በጥጥ ጨርቅ ላይ አስተኝተው ይዘው ወጡ። ኢሊንካ ደብተሯን ለማስቀመጥ እንኳ አልቆመችም።

«ይቁረጡት» አለች።

ዶክተር ኮርኔሊያ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «አስበሽበታል?»

«አዎ። ያደገ ነው። ግን እኔ ስላልኩ ብቻ መሆን የለበትም።»

«ሕፃን ሆኖ ከተገኘስ?»

«ከሆነ ሕፃን ነው ብዬ እጽፋለሁ። በቀይ።»

ራሬሽ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። የሚላት ነገር ያዘጋጀ ይመስል አፉን ከፈተ፤ ከዚያ የሱፍ ፍሬውን ዘግኖ ዘረጋላት። አንድ ሁለት አነሣች።

ዳፊና የመጣችው ያኔ ነው። ሮጣ ስለነበር ትንፋሿ አጥሯል። ቀጥታ ወደ ዶክተሯ ሄደችና ትንሽ፣ ወገቧ ድረስ የጎደለች ቡናማ ጠርሙስ አውጥታ ሰጠቻቸው።

«የቀባሁት ይኼን ነው» አለች። ድምፅዋ ሲጀምር ቀጭን ነበር፣ እየቆየ ግን ወፈረ። «እኔ ነኝ የቀባሁት፣ እሷ አታውቅም። እንዳይረግፍ ብዬ ነው። አባዬን ዛሬ ጠዋት ነግሬዋለሁ። ተርፐንታይን በሚባለው የቀለም ማቅጠኛ ይለቃል፣ ግን ቶሎ ቶሎ ካሹት ቀለምም ይዞ ይሄዳል፣ ቀስ ብለው ነው ብሏል። የቀባሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።»

ዶክተሯ ጠርሙሷን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩዋት። «አባትሽ ተቆጡ?»

«በጣም።»

«እኔም ተቆጥቻለሁ» አሉ ዶክተሯ። «ግን ምን እንደሆነ ካወቅሁ የማስለቀቂያውን እመርጣለሁ። ይኼን ትናንት ብትነግሪኝ ደግሞ ሌሊቱን ሳልተክዝ አድር ነበር።» ጠርሙሷን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው እርሳስ አወጡ። «የት ላይ እንደሚቆረጥ ምልክት እናድርግ። መሐሉ ላይ፣ ከሁሉም ቀጭኑ ጋ። ዙሪያውን ዞሮ መጀመሪያው ላይ መግጠም አለበት፤ ከተዛነፈ የሚወጣው ስስ ቁራጭ ያጋድላል። ማን ነው እጁ የማይስት?»

ኢሊንካ እርሳሱን ተቀብላ ለዳፊና ሰጠቻት።

«እኔ?» አለች ዳፊና።

«የኔ መስመር መቼ ቀና ያውቃል።»

አጥንቱን የመኪናው ጫፍ ላይ አስደገፉት። ኢሊንካ በሁለት እጇ ሁለቱን ጫፍ ያዘች፤ በመዳፎቿ ሥር ቫርኒሹ ቀዝቃዛና ለስላሳ ነው። ዳፊና ጎንበስ አለች፣ ትንፋሿን ያዘች፣ እርሳሷን አሳረፈች። ኢሊንካ አጥንቱን ቀስ እያለች አዞረችላት፣ ዳፊናም እጇን ሳታነሣ ተከተለች። የሚያብረቀርቀው ላይ እርሳሱ በደንብ አልታይ እያለ ሁለት ጊዜ ቆማ አጠቆረችው።

«ትንሽ ወደኔ» አለች ዳፊና። «ቀስ… በቃ፣ በቃ። ደርሻለሁ።»

መስመሩ ዞሮ ገጠመ። ዶክተሯ አጎንብሰው አዩና ከመኪናው ሳጥን አውጥተው ከፈቱ። ኢሊንካ አጥንቱን ራሷ አስገባችው። ጥጡን ከዳር እስከ ዳር አልብሳ ክዳኑን ገጠመች።

ደወሉ ተደወለ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነበር፤ ሁለቱም የቤት ሥራቸውን አልሠሩም።

«ነይ» አለች ኢሊንካ፣ «ቢያንስ አንደኛውን ጥያቄ ደረጃው ላይ እንሥራው።»